ዜናው ለሬዲዮ፣ ስልኩ ለሰው፦ የአንድ የሚዘወር ሬዲዮ ግምገማ

ከመጀመሪያው ልናገር። ይህን ሬዲዮ ስልክ ቻርጅ አደርግበታለሁ ብላችሁ ከገዛችሁት ገንዘባችሁን ጣላችሁ። የአየር ሁኔታውን ዜና እሱ ይስማልኝ፣ ስልኬ ለሰው ይትረፍልኝ ብላችሁ ከገዛችሁት ግን በሀሪኬን (ከባህር በሚነሳ ከባድ አውሎ ነፋስ) ሰሞን ከቤታችሁ ዕቃ የሚበልጠው ጥቂት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ማንም አይጽፈውም።

የምኖረው ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ቤይ አካባቢ ነው። የአትላንቲክ የሀሪኬን ሰሞን ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል። የሚብሰው ሴፕቴምበር 10 ግድም ነው። ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ቦታ አይደሉም። አንዱ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ውሃው ዳር ነው። አንዷ ፎርት ማየርስ ናት። ባልና ሚስት ወዳጆቼ በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፖርት ሴንት ሉሲ ይኖራሉ። አንዱ ደግሞ "እኔስ ከሀሪኬን ተገላገልኩ" ብሎ ኖርዝ ካሮላይና ተራራ ላይ፣ አሽቪል ገብቷል። (እንዳልተገላገለ በኋላ አየን።) ስለዚህ ለኔ ሀሪኬን ሲመጣ የራሴን መስኮት መሸፈን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ "እገሌስ እንዴት ሆነ?" ነው። ዕቃም የምመዝነው በዚህ ነው። ሰው እንዳገኝበት ይረዳኛል ወይስ አይረዳኝም?

ዕቃው ይህ ነው። ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚበልጥ የፕላስቲክ ሳጥን። ኤኤም፣ ኤፍኤም እና "ደብሊው ቢ" የሚል የአየር ሁኔታ ባንድ አለው። ከጎኑ የሚታጠፍ መዘወሪያ፣ ከላዩ ትንሽ የፀሐይ ፓነል፣ ከፊቱ መብራት፣ ከኋላው ስልክ የሚሰካበት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለ። የሚጮህ ሳይረንም አለው። ሳይረኑን የሚወዱት ልጆች ብቻ ናቸው። ውስጡ 2000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል ሊቲየም ባትሪ አለ። እሱ ሲያልቅ ሦስት ትሪፕል ኤ ድንጋይ ይቀበላል። 40 ዶላር ገደማ ከፍዬበታለሁ። ብራንዱን አልጠራም። በየስሙ የሚሸጡት አንዱ ከሌላው ብዙም ስለማይለይ የምለው ለአብዛኞቹ ይሠራል።

ሰው ሁሉ የሚገዛው በመዘወሪያው ነውና ከሱ እንጀምር። በዚያች ትንሽ እጀታ ሰው እጁን ሳያሳምም የሚያወጣው ኃይል ቢበዛ ሁለት ዋት ነው እንበል። የዛሬ ስልክ ባትሪ ደግሞ 13 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። አስሉት። አንድ ደቂቃ ሙሉ ዘውራችሁ የምታገኙት የአንድ ፐርሰንት ሩብ ነው። በመሀል የሚባክነውን ሳንቆጥር ነው ይህም። አሥር ፐርሰንት ለማግኘት ከ40 ደቂቃ በላይ መዘወር ይጠይቃል። ጨለማ ውስጥ፣ ላብ በላብ ሆናችሁ፣ ለአሥር ፐርሰንት! የውስጡ ባትሪ እንኳ ሙሉ ቢሆን 7 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው፤ ባዶ ስልክ እስከ ግማሽ አያደርስም። የፀሐይ ፓነሉን ተዉት። ሀሪኬን ባለበት ቀን ፀሐይ የታለ? ከሀሪኬኑ በኋላ ፀሐይ ሞልቷል፤ ግን ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ አስቀምጣችሁት የሚያኖረው ሬዲዮውን ብቻ ነው።

ለሬዲዮው ግን ያው ጉልበት ሌላ ነገር ነው። ሬዲዮ የሚበላው ኃይል ከስልክ ጋር አይወዳደርም። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ብትዘውሩ መግለጫውን ሰምታችሁ ይተርፋችኋል። ስለዚህ ነገሩን ለዩት። ለስልኩ 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ ግዙ፤ ባዶ ስልክ ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል። ከሬዲዮውም ይረክሳል። ዜናውን ለሬዲዮው ተዉለት።

ይህን ማለቴ ያለምክንያት አይደለም። ሀሪኬን ሲመጣ የስልክን ባትሪ የሚጨርሰው ጓደኛ ሳይሆን ዜና ነው። ካርታው፣ ራዳሩ፣ ቀጥታ ስርጭቱ፣ ዩቲዩብ ላይ ኮቱን አውልቆ እጅጌውን የሰበሰበው የአየር ሁኔታ ተንታኝ። ማታ መብራት ሲጠፋ ስልካችሁ 30 ፐርሰንት ላይ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ነው ሰው መፈለግ የምትጀምሩት።

ደብሊው ቢ የሚለው ባንድ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ሌት ተቀን የሚያሰራጭበት ነው። ኖኣ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ይባላል። ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ባሉ ሰባት ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ይሠራል። በመላ አገሪቱ ከ1,000 በላይ ማሰራጫዎች አሉት፤ አንዱ ወደ 40 ማይል ይሸፍናል። ኢንተርኔት አይፈልግም። የስልክ ማማም አይፈልግም። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለማወቅ ፖርቶ ሪኮን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ሀሪኬን ማሪያ ካለፈ በኋላ ከደሴቲቱ የሞባይል ማማዎች 95 በመቶ ያህሉ ሥራ አቁመው ነበር። ያኔ ስልክ በእጅህ ያለ መስተዋት ነው።

ድምፁ? ደስ አይልም፣ ልዋሽ አልችልም። ኮምፒውተር ነው የሚያወራው። የቦታ ስም ሲጠራ ያጣምማል፣ አይቸኩልም፣ አይደነግጥም፣ ያለውን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል። ነፋሱ ሲነሳ ግን ይህ የማይደነግጥ ድምፅ ይሻለኛል። ቴሌቪዥን ላይ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚጮኸው ጋዜጠኛ ለጭንቀቴ አልረዳኝም።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ካልተዘጋጃችሁ ይህ ሬዲዮ አይገባችሁም። የሚያወራው በካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክልል) ነው። "ፒኔላስ፣ ሂልስቦሮ፣ ማናቲ" እያለ ይሄዳል። እናንተ ግን ጓደኛችሁን የምታውቁት በከተማ ወይም በሰፈር ስም ነው። ስለዚህ ከሬዲዮው ጀርባ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ሴንት ፒተርስበርግ ያለው፣ ፒኔላስ። ፎርት ማየርስ ያለችው፣ ሊ። ፖርት ሴንት ሉሲዎቹ፣ ስሙ ራሱ ሴንት ሉሲ። አሽቪል፣ ቡንኮም። ከጎኑ የያንዳንዱ የመልቀቂያ ዞን ፊደል አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ መጀመሪያ "ውጡ" የሚባለው ዞን ኤ ነው። ከዚያ ስልክ ቁጥራቸው። ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሰው ዛሬ የለም፤ ስልክ ሲሞት ቁጥሩም አብሮ ይሞታል። ይህች ወረቀት ከራሱ ከሬዲዮው ይልቅ ጠቅማኛለች ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለቱ። ሬዲዮው የሚሰማው በአቅራቢያው ያለውን ማሰራጫ ነው። እኔ ታምፓ ተቀምጬ የፎርት ማየርስን ማሰራጫ አላገኝም። ስለዚህ ሩቅ ላለ ጓደኛ የኔ ሬዲዮ ብዙ አይነግረኝም። መፍትሔው ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ይኑረው። ካርቶኑ "ለቤተሰብ ሙሉ ደህንነት" ይላል። ለአንድ ቤት ይሆናል። ለጓደኛሞች ግን በየቤቱ አንድ አንድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉድለት ማንቂያው ነው። አደጋ ሲታወጅ ማሰራጫው የተለየ ድምፅ ይልካል፤ ሬዲዮውም ተኝቶ ከነበረ ነቅቶ ይጮኻል። ጥሩ ነው። ግን እንደኔ ያለው ርካሽ ሬዲዮ ካውንቲ አይለይም። ከሦስት ካውንቲ ማዶ ላለ ጎርፍም በሌሊት ይቀሰቅሳችኋል። ካውንቲ የሚለየው "ሴም" የሚባል ሥርዓት ያለው ነው። ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ታስገቡበታላችሁ፤ ለፒኔላስ ለምሳሌ 012103 ነው። ከዚያ የናንተ ካውንቲ ሲጠራ ብቻ ይጮኻል። እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰኩ፣ ለመጠባበቂያ ድንጋይ የሚቀበሉ ናቸው። መዘወሪያ የላቸውም። አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ መኝታ ቤት ውስጥ ባለ ሴሙን አስቀምጬ፣ የሚዘወረውን ቦርሳ ውስጥ አደርጋለሁ። አንድ አላልኩም ለካ። ይቅርታ፣ ሁለት ነው።

ሰው ማንቂያውን አጥፍቶ ይተኛል፤ ይገባኛል። ግን ሚልተንን ላንሳ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2024 ሀሪኬን ሚልተን በምዕራቡ ዳርቻ፣ ሲየስታ ኪይ ላይ ወደ የብስ ገባ። ምሽት ላይ ነበር፣ ከአምስቱ የሀሪኬን ምድቦች ምድብ 3። ሰው ሁሉ ዓይኑ ታምፓ ላይ ነው። ስልኬ ከየአቅጣጫው ይጮኻል፤ "ውጣ"፣ "ወጣህ ወይ?"፣ "ለምን አልወጣህም?" ይለኛል። ፖርት ሴንት ሉሲ ላሉት ወዳጆቼ የሚጨነቅ ማንም አልነበረም። ከሀሪኬኑ ዓይን ሩቅ ናቸዋ! ከኛ መሀል እነሱ ጋ ሸሽቶ የሄደም ነበር። ታዲያ የሀሪኬኑ ዓይን ገና ባህር ላይ እያለ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በምሥራቁ ዳርቻ ቶርኔዶ (እየተሽከረከረ መሬት የሚነካ ኃይለኛ ነፋስ) ወረደ። በዚያ ቀን ፍሎሪዳ ውስጥ ከ100 በላይ የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ሴንት ሉሲ ካውንቲ ውስጥ ሰዎች ሞቱ።

ወዳጆቼ ሬዲዮ ነበራቸው። ሲጮህ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ገቡ። ቤታቸው አልተነካም፣ ሌላ ሰፈር ነበር የመታው። ከዚያ በኋላ የላኩልኝ መልዕክት "እኛ ደህና ነን፣ አንተስ?" የሚል ነበር። እኔ ገና ነፋሱን እየጠበቅሁ ነበር። ማን ማንን መጠየቅ እንዳለበት ካርታው ላይ ያለው ኮን አይነግራችሁም ማለቴ ነው። ኮኑ የሚያሳየው የሀሪኬኑ መሀል ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ከሦስት ሁለት ጊዜ ያህል ነው መሀሉ ኮኑ ውስጥ የሚቆየው። ቶርኔዶው፣ ዝናቡ፣ የባህሩ ውሃ ኮን አያውቁም።

ፎርት ማየርስ ያለችው ጓደኛዬ ይህን ቀድማ ታውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሀሪኬን ኢያን ሲመጣ ትንበያው መጀመሪያ ወደኛ ወደ ታምፓ ያመለክት ነበር። ስለኔ ስትጨነቅ የሰነበተችው እሷ ናት። ኢያን ግን ወደ ደቡብ አዘነበለና ሴፕቴምበር 28 ቀን ካዮ ኮስታ ላይ ምድብ 4 ሆኖ ገባ። ፎርት ማየርስ ቢች ላይ የባህሩ ውሃ ከ10 ጫማ በላይ ከፍ አለ። እሷ ከውሃው ራቅ ብላ ስለምትኖር ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ኮን ስታሳያት ትስቃለች።

እንግዲህ ሬዲዮውን ከጓደኛ ጋር የምናገናኝበት ዘዴ ይህ ነው። በማያሚ ያለው ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል ዋና መግለጫ የሚያወጣው በየስድስት ሰዓቱ ነው። በፍሎሪዳ የበጋ ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 5 እና 11፣ ከሰዓት 5፣ ማታ 11። ዋች (ቀድሞ የሚወጣው ማሳሰቢያ) ወይም ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያው) ከወጣ ደግሞ በመሀል በየሦስት ሰዓቱ ይጨመራል። እኛ በዚህ ሰዓት እንቀጠራለን። መግለጫውን እያንዳንዱ በሬዲዮው ይሰማል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ አጭር መልዕክት ይልካል። ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በመሀል ማንም ለማንም አይደውልም። ይህ ሕግ መጀመሪያ ላይ ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር። "እንዴ፣ ሰው ሊሞት ሰዓት ይጠብቃል?" ያለኝ አለ። አደጋ ሲሆን ሰዓት አይጠበቅም፣ ያው ይታወቃል። ነገር ግን በየአሥር ደቂቃው "እንዴት ነህ?" የሚባለው ሰው እስከ ሌሊቱ ባትሪ አይተርፈውም።

መልዕክቱ በኤስኤምኤስ ነው የሚላከው። ጥሪ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ይቆረጣል፤ ኤስኤምኤስ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ያልፋል። መልዕክቱ ሁላችንም ጋ አይላክም። ኮሎራዶ ያለች አንዲት ጓደኛችን ናት የምትቀበለው። ሀሪኬን እዚያ አይደርስም፣ መብራቷ አይጠፋም፣ ኢንተርኔቷ አይቋረጥም። እሷ ሰብስባ ለሁሉ ትበትናለች። አሥር ሰው እርስ በርሱ ቢጠያየቅ የሚፈሰውን ባትሪ አስቡት።

የምንጽፈው ሦስት ነገር ነው። የት ነህ፣ ማን አብሮህ አለ፣ ስልክህ ስንት ፐርሰንት ነው። በቃ። "ደህና ነኝ" ብቻውን አንቀበልም። ደህና የሚባለው ነገር ሰፊ ነው። የምናከብራቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ ለማንኛውም ጥያቄ መልሳቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። እኔም አሜን እላለሁ። ግን ጣሪያው በቦታው እንዳለ አይነግረኝም።

እኚሁ ጋሼ ለሬዲዮው ትልቁ ፈተና ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሀሪኬን ሄለን ስትመጣ ፒኔላስ ውስጥ ዞን ኤ ነበሩ። ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ውጡ ተብሏል እኮ።"

"ልጄ፣ መንገዷ ሩቅ ነው። ከኛ መቶ ማይል ትርቃለች አሉ።"

"ነፋሷ ነው የሚርቀው። ውሃው ይመጣል።"

"ስንቱን አሳልፌያለሁ፣ አትጨነቅ።"

እውነት ነው፣ ርቃ ነበር ያለፈችው። ወደ የብስ የገባችውም በሰሜን፣ ፔሪ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው፣ ሴፕቴምበር 26፣ ምድብ 4 ሆና። ምድብ የሚባለው ግን የነፋስ ፍጥነት ብቻ ነው የሚለካው፤ ስለ ውሃ አንድም ነገር አይናገርም። ታምፓ ቤይ ላይ ባህሩ ከ6 ጫማ በላይ ከፍ ብሎ ቤት ገባ። ፒኔላስ ውስጥ ቤታቸው እንዳሉ ውሃ የወሰዳቸው ሰዎች ነበሩ።

ጋሼን ያስወጣቸው ሬዲዮው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። እንግሊዝኛው ይፈጥንባቸዋል፣ ያ የኮምፒውተር ድምፅ ደግሞ ጭራሽ አይገባቸውም። ያስወጣቸው ሴንት ፒተርስበርግ ያለው ጓደኛዬ በመኪና ሄዶ በራቸው ላይ መቆሙ ነው። "እኔ ያለ እርስዎ አልሄድም፤ እኔም እዚሁ ልቀር ነው" አላቸው። ለሳቸው ሲሉ ሳይሆን ለሱ ሲሉ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ለሳቸው ሌላ ዘዴ አለን። ሬዲዮውን እኛ እንሰማለን፣ በአማርኛ ሁለት መስመር አድርገን ከመግለጫው በኋላ እንልክላቸዋለን። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ለሌለበት ቤት ይህ ዕቃ ብቻውን ምንም እንደማይሠራ እወቁት።

እንዲህ ያለውን ሰው ለማስወጣት ቀኑ ሳይመሽ መጀመር ነው። ዋች የሚወጣው ኃይለኛው ነፋስ ሊደርስ 48 ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው፤ ዋርኒንግ 36 ሰዓት። እኛ ዋች ሲወጣ ማን የት እንደሚያድር ተነጋግረን እንጨርሳለን። ነፋሱ ከተነሳ በኋላ 911 ብትደውሉም የሚመጣ ላይኖር ይችላል። ነፋሱ በሰዓት ከ40 እስከ 45 ማይል ሲደርስ ብዙ ቦታ አምቡላንስም እሳት አደጋም ከግቢያቸው አይወጡም።

አሽቪል ያለውን ወዳጄን አልረሳሁትም። ሄለን እኛን አልፋ ተራራው ላይ ዝናቧን ስትገለብጥ እሱ ጋ መብራቱም፣ ውሃውም፣ ስልኩም አንድ ላይ ሄደ። በቀጠሮው ሰዓት መልዕክት የለም። በሚቀጥለውም የለም። ኮሎራዶ ያለችው "ምንም" ብላ ትጽፋለች። ያኔ የኔ ሬዲዮ ምንም አልረዳኝም፣ ሊረዳኝም አይችልም። ከሱ የመጣው የመጀመሪያ መልዕክት በሳተላይት ነው። አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት፣ አይኦኤስ 18 ከተጫነባቸው፣ ያለ ኔትወርክ በሳተላይት መልዕክት ይልካሉ። ውጭ ቆሞ ሰማይ በግልጽ ወደሚታይበት ስልኩን ማዞር ያስፈልጋል። ማዘመኛው የወጣው ሄለን ከመምጣቷ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነበር፣ እሱም ጭኖት ነበር። "ቤት አለሁ። ብቻዬን። 22 ፐርሰንት።" ሦስቱንም መልሷል፤ ሳቅንም አለቀስንም።

በሬዲዮው የተጠቀመው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በኤፍኤሙ። ብሉ ሪጅ ፐብሊክ ሬዲዮ የካውንቲውን መግለጫ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። ውሃ የት እንደሚታደል፣ የትኛው መንገድ እንደተከፈተ ከዚያ ነው የሚሰማው። ጎረቤቶቹ ሬዲዮውን በረንዳ ላይ አስቀምጠው ይሰበሰቡ እንደነበር ነገረኝ። የአሽቪል የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ይሆናል የተባለው ኖቬምበር 18 ላይ ነው። ስለዚህ ኤፍኤም የሌለው የአየር ሁኔታ ሬዲዮ አትግዙ። ሀሪኬኑ ሲያልፍ የአየር ሁኔታው ዜና ያበቃል፤ የውሃ ወረፋው ግን አያበቃም።

ሰው ደግሞ ሀሪኬኑ ሲያልፍ ጓደኛውን መጠየቅ ያቆማል። እኛ ቀጠሮውን መብራት እስኪመለስ አናቆምም። ጥያቄው ግን ይቀየራል። "ጄኔሬተር አለህ? የት አስቀመጥከው?" ከቤት ቢያንስ 20 ጫማ መራቅ አለበት፤ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቶ ማስቀመጥ እንኳ ይገድላል፣ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታ የለውም። "ፍሪጅህ ስንት ሰዓት ሆነው?" ሳይከፈት ለ4 ሰዓት ያህል ነው የሚያስተማምነው። "ቤቱ ሞቀ?" ይህን በተለይ ለጋሼ። ኤሲ በሌለበት የፍሎሪዳ ሙቀት ለትልቅ ሰው ከነፋሱ አያንስም።

ዎኪ ቶኪ የሚመክሩኝ አሉ። ፈቃድ የማይጠይቀውን ገዝቼ ሞክሬያለሁ። ካርቶኑ 35 ማይል ይላል። ቤትና ዛፍ ባለበት አንድ ማይል ከሄደ ጎበዝ ነው። ማዶ ላለ ጎረቤት ይሆናል፣ ለጓደኛ አይሆንም።

ጥቃቅኑን ቶሎ ልጨርስ። መዘወሪያው ከአካሉ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ደካማ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ዘውሩ፣ ጉልበት አታሳዩ። አንቴናውን ሙሉ በሙሉ ሳትስቡ "አይሰማም" አትበሉ፣ መስኮት አጠገብም ሞክሩት። መብራቱ ለመጸዳጃ ቤት መንገድ ይበቃል፣ ለማንበብ አይበቃም። የዩኤስቢውን ቀዳዳ የሚሸፍነው ጎማ ይወልቃል፤ ዝናብ ላይ አታስቀምጡት። የውስጡ ባትሪ ተቀምጦም ይወርዳል፣ ስለዚህ ጁን ሲገባ ሙሉት፣ በመሀልም አንድ ሁለቴ እዩት። ትሪፕል ኤ ድንጋዮቹን ውስጡ ከታችሁ አትተዉ፣ ያፈሳሉ፤ ከጎኑ በላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡ።

ከአሥር ሰባት ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ስለ ስልክ ቻርጅ ካርቶኑ ላይ ለጻፉት ነገር ነው፣ አንዱን ለማንቂያው። ለሚቀጥለው ሰሞን ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለም አለው፣ ዋጋቸው አንድ ነው። ብርቱካናማውን ውሰዱ። መብራት ሲጠፋ ጥቁሩን ለማግኘት ሌላ መብራት ያስፈልጋችኋል።